የወርቁ ካምቦ ግንበኞች

ቡራዩ የገባሁት ያደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር ፈርሶ ቤተሰባችን በየአቅጣጫው በተበተነበት ዓመት ነው። ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ መሣል ነው። መሐንዲሶች የሚያስቡትን በኮምፒውተር ላይ መስመር አድርጌ አወጣለሁ፤ አንዳንዴም ሜትር ይዤ እየዞርኩ የቆዩ ቤቶችን እለካለሁ። ያኔ የምፈልገው ታክሲ የሚቀርበው፣ ውሃ በሳምንት ሁለቴ እንኳ የሚመጣለት አንድ ክፍል ነበር። ደላላው ሦስት ግቢ አሳይቶኝ አልወደድኳቸውም። አራተኛው ግቢ ስንገባ ግን የሚከራየውን ክፍል ገና ሳላይ ቆምኩ። ያቆመኝ ዋናው ቤት ነው።

በአካባቢው ያለው ቤት ሁሉ ወይ ብሎኬት ነው ወይ ጭቃ። ይኼኛው ከጥርብ ድንጋይ የተገነባ ነው። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ከመግጠማቸው የተነሳ በመካከላቸው ያለው መስመር ከጣት ጥፍር አይሰፋም። መስኮቶቹ ከላይ ቅስት አላቸው። በረንዳው ጥልቅ ስለሆነ ዝናብ በነፋስ እየተገፋ ቢመጣ እንኳ በሩ ድረስ አይደርስም። ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት የተሸፈኑ ትንንሽ የአየር ማስወጫዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ቡራዩ ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ማን ነው የሠራው?» አልኩት ደላላውን።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር የሚያዩኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ዓይናቸው ከዳር ከዳር እየጨለመ ስለመጣ፣ ሰው ለማየት ፊታቸውን ማዞር ነበረባቸው።

«ንድፉን ማን አወጣልዎት?» አልኳቸው።

«ንድፍ የለውም። ካደግሁበት ከተማ ነው ያመጣሁት። ወርቅ የሚወጣበት ከተማ ነበር፤ ጣሊያኖች ያሠሩት። ድንጋዩን የጠረበው ግን አባኮ ነው፣ የእኔ አባት።»

የሚከራየው ክፍል ጠባብ ነበር፤ መስኮቱም ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚከፈተው። በዚያው ቀን ተከራየሁት።

ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ብቻ ነበር የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያላቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ሰበታ አስተማሪ ሆና እዚያው ትኖራለች፤ በየሳምንቱ መጨረሻ እየመጣች ቤቱን አስተካክላላቸው ትመለሳለች። ኦቦ ወደ ቡራዩ የመጡት በጎልማሳነታቸው፣ የወርቁ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ እዚህ ድንጋይ ካባ ላይ ሥራ አለ ሲባል ሰምተው ነው። ጠርበዋል፣ ገንብተዋል፤ በመጨረሻም ከካባው የተረፈውን ድንጋይ እየለቀሙ በብዙ ዓመት ይህንን ቤት ሠሩ።

ስለ ከተማዋ ማውራት ሲጀምሩ ሥራ የሚያደርሰኝ ታክሲ እስኪያመልጠኝ ድረስ ቆሜ አዳምጥ ነበር። ከነቀምቴ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ፣ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ዛሬ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ወርቅ ፈላጊ እንዲመጣባቸው አይፈልጉም። የአገሩ ሰው ከድሮም በወንዙ አሸዋ ውስጥ ወርቅ ያጥብ ነበር። ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት መጥተው ወንዙን በቦይ ጠለፉት፣ ማሽን አመጡ፣ ከየአገሩ ሠራተኛ ሰበሰቡ፣ ከተማዋንም ከምንም ተነስተው አቆሟት። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሥራው በሌሎች እጅ ቀጠለ። ኦቦ የተወለዱት ያኔ ነው፤ ከጣሊያኖቹ ማንንም አላዩም። ያዩት የተውትን ቤት ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ከሐኪም ቤት ይዛቸው ተመለሰች። የዓይን ግፊት ነው፤ ጠብታው ያለውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ አይደለም አሏቸው። ኦቦ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። በማግሥቱ ጠሩኝ።

«አንቺ ቤት ትስያለሽ አይደል?»

«አዎ ኦቦ።»

«የሌለ ቤትስ? ሰው ሲነግርሽ ሰምተሽ መሣል ትችያለሽ?»

«እሞክራለሁ።»

«ከተማዋን ሣይልኝ። ዓይኔ ሳይዘጋ በወረቀት ላይ ልያት።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። በየእሑዱ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥተን፣ እኔ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እንቀመጣለን።

«ከየት እንጀምር?» አልኳቸው መጀመሪያ ቀን።

«ከወንዙ ነዋ! ወርቁ ያለው እዚያ ነው። ከተማዋ ወንዙን ተከትላ ነው የተሠራችው።»

ሲነግሩኝ እየተራመዱ ነበር የሚመስለው። ከጋራዡ በር እስከ መጋዘኑ ጥግ አርባ ሁለት እርምጃ አሉኝ፤ ከዚያ ትንሽ አስበው «የልጅ እርምጃ ነው፤ ቀንሺለት» ብለው ሳቁ። መጋዘኑ ጣሪያው እንዴት እንደሚያርፍ፣ የእንጨቱ ማሰሪያ የት የት ላይ ብሎን እንዳለው፣ የውሃው ታንከር እግር ስንት እንደሆነ ሁሉ ያስታውሳሉ። የወርቁ መመዘኛ ቤት ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው፤ በሩ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ድመት እንኳ አያሳልፍም። የባሩዱ ቤት ከሁሉም ርቆ፣ ጉብታ ጀርባ፣ ክብ ሆኖ ተሠርቷል፤ ቢፈነዳ እሳቱ ወደ ላይ እንዲወጣ ጣሪያው ሆን ተብሎ ቀላል ተደርጓል። መሐል ላይ ጣሊያኖቹ ይመገቡበትና ይጫወቱበት የነበረው አዳራሽ አለ፤ ፊቱ ላይ ሦስት ቅስት ያለው በረንዳ አለው። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል።

«ሦስቱንም አባኮ ነው የሠራው። ከሌሎች ሁለት ግንበኞች ጋር። የመሐለኛው ትንሽ ከፍ ይላል፤ በዓይን አይታወቅም፤ ግን ስትገቢ ደረትሽ ይከፈታል።»

እኔ ብዙ ሕንፃ ለክቻለሁ። በዕቃው ውድነት የሚያስደንቅ አለ፤ በከፍታው የሚያስደንቅ አለ። ይህች ከተማ ግን ገና ሳላያት ታስቦባት በመሠራቷ አስደነቀችኝ። ቤቶቹ ሁሉ ከመሬት ከፍ ያሉት ለምስጡና ለጭቃው ነው። በረንዳው የጠለቀው ለዚያ አገር ዝናብ ነው። የውሃ መውረጃ ቦዮቹ ከመንገዱ ቀድመው የተቆፈሩ ናቸው። አንዷ መስመር ከሌላዋ ጋር የማትገናኝበት ቦታ የለም።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው እሑድ የሠራተኞቹን መደዳ ቤቶች ሣልን። ካምቦ ይሉታል፤ ኦቦም የተወለዱት እዚያ ነው። ጣሊያኖቹ ይኖሩበት ከነበረው ኮረብታ በታች አራት ረድፍ፣ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት እርምጃ በአራት። በሮቹን አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ ስሄድ አንድ ነገር ታየኝና እርሳሴን አቆምኩ።

«ኦቦ፣ የአራቱም ረድፍ በር ወደ አንድ ጎን ነው የሚከፈተው?»

«ኤዬ። ወደ መንገዱ።»

«መንገዱ ጫፍ ላይ ምን አለ?»

«የዘበኞች ማማ።»

ወረቀቱን አዙሬ አስጠጋሁላቸው። ፊታቸውን ዘንበል አድርገው ለብዙ ጊዜ አዩት። ኮረብታው ላይ ያሉት ስድስት የጣሊያኖች ቤቶች በረንዳቸው ወደ ነፋሱ፣ ጀርባቸው ወደ ፀሐዩ ነው። ከታች ያለው መቶ በር በሙሉ ግን አንድ ዘበኛ ከአንድ ቦታ ሆኖ እንዲያየው ተደርጎ ተደርድሯል።

«እናቴን እጠይቃት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በራችን ለምን ከዝናቡ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል እላት ነበር። ግንበኞቹ ሲሠሩ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ጠፍቷቸው ነው ብላ ነበር የምትመልስልኝ። ጠፍቷቸው አልነበረም ማለት ነው።»

ያን ቀን ሥዕሉን አልቀጠልንም። እኔም ጥያቄዬን መያዝ አልቻልኩም።

«አባትዎ በፈቃዳቸው ነው የሄዱት?»

«በፈቃዱ አልሄደም። ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ድንጋይ ሲጠርብ መኪና መጥቶ ጫነው። ሁለት ዓመት ቤተሰቡን አላየም።»

«ታዲያ እንዴት እንዲህ አሳምረው ሠሩላቸው? እኔ ብሆን ሆን ብዬ አበላሽ ነበር።»

ኦቦ አልተቆጡም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ጣቶቻቸው አሁንም ወፍራምና የተሰነጣጠቁ ነበሩ።

«እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ብዬው ነበር። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጣሊያኑ አንድ ቀን ይሄዳል፤ እጄ ግን ከእኔ ጋር ይቀራል። መጥፎ መሥራት ካስለመድኩት ለልጄም ቤት መጥፎ ነው የሚሠራልኝ› አለኝ። እጁን ለራሱ ነው የጠበቀው።»

ሥዕሉ ሊያልቅ ሲቃረብ ኦቦ ቦታው ድረስ ልሂድ ማለት ጀመሩ። ልጃቸው እሺ አላለችም።

«አባዬ፣ መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ ሰላሙም አይታወቅም። ዓይንህም…»

«ዓይኔ ስላለ ነው የምሄደው። ከጠፋ በኋላ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

እሷ ብዙ ተከራከረች። በስተመጨረሻ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚመላለሱ ሾፌሮች አጣርታ፣ በጥር የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ላይ እሷም አብራ ልትሄድ ተስማማች። እኔ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ሦስታችን ጠዋት ከቡራዩ መናኸሪያ ተሳፍረን በአምቦ በኩል ወጣን፤ ነቀምቴ አድረን በማግሥቱ ሚኒባስ ይዘን ከሰዓት በኋላ ደረስን።

መጀመሪያ ያየሁት ቀይ መሬትና ማንጎ ነው። ከዚያ ቤቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ወረቀቱን ዘርግቼ ቆምኩ። ጋራዡ በነበረበት ቦታ ላይ አለ፤ አሁን የእህል መጋዘን ሆኗል። የመመዘኛው ቤት ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ግን ስንጥቅ እንኳ አላወጣም፤ ውስጡ የበለስ ዛፍ በቅሎበታል። ካምቦው ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ነዋሪዎቹ ብዙዎቹን በሮች በድንጋይ ደፍነው በጀርባ በኩል አዲስ በር ከፍተዋል። ኦቦ እየዳሰሱ ከተደፈኑት አንዱን አገኙት። «ጎበዞች» አሉ። ልጃቸው ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

እኔ በወረቀቱ ላይ ይዤው የመጣሁት ልኬትና መሬት ላይ ያለው ልኬት የሚለያይበት ቦታ ጥቂት ነበር። ከልጅነት ጀምሮ የተያዘው የኦቦ ትዝታ ስህተቱ ከእርምጃ አይበልጥም። ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አዳራሹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኗል። ስንደርስ ሦስቱ ቅስቶች ፊት እሾህ ተከምሮ መግቢያው ተዘግቷል። ከግራው ቅስት አናት ተነስቶ እስከ ጣሪያው ድረስ የሚወጣ ስንጥቅ አለ፤ ላይ ላይ እጅ ያስገባል። ርዕሰ መምህሩ፣ ወጣት፣ ጨዋ ሰው፣ ወጥቶ ተቀበለን።

«ባለፈው ክረምት ነው የተሰነጠቀው» አለ። «ተማሪ ላይ እንዳይወድቅ ፈራን። እንዲፈርስ ተወስኗል። በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

ኦቦ በእሾሁ ጎን አልፈው ገቡ። ልጃቸው «አባዬ!» ብላ ተከተለቻቸው። ግራ እጃቸውን ምሰሶው ላይ አሳርፈው፣ ቀኛቸው ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ይዘው፣ ከታች ጀምረው እያንኳኩ ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ስንጥቁ ሰፊ የሚሆነው ላይ ነው ታች?»

«ላይ ነው። ታች እየጠበበ ይጠፋል።»

«የቅስቱን አናት የሚይዘው ቁልፍ ድንጋይ ወርዷል?»

አየሁ። «ትንሽ። የግማሽ ጣት ያህል።»

ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። «አሸንዳው የት ሄደ?»

«ምን አሸንዳ?»

«የዝናቡ ነዋ! እዚህ ጥግ ላይ ወርዶ ቦዩ ውስጥ የሚገባ አሸንዳ ነበር።»

ጣሪያው ከዓመታት በፊት ሲቀየር አሸንዳው ተነስቶ አልተመለሰም። ቦዩም የመጫወቻ ሜዳ ለማስፋት ተደፍኗል። ኦቦ ተንበርክከው በምሰሶው እግር ዙሪያ ያለውን መሬት በጣታቸው ጫሩ።

«ቢሻን!» አሉ። «ውሃ ነው የበላው። ቅስቱ ምንም አልሆነም። እግሩን ነው ያመመው።»

ርዕሰ መምህሩ የከተማዋን ሁለት ግንበኞች አስጠራ። ታላቅየው እጁን አጣምሮ ቆሞ ኦቦን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«አባቴ፣ ይሄማ አበቃለት። ፈርሶ በብሎኬት ቢሠራ በአንድ ወር ያልቃል።»

«ቆፍሩና እዩ። ባዶ ካልሆነ እኔ ራሴ አብሬያችሁ አፈርሳለሁ።»

ቆፈሩ። አንድ ክንድ ሲወርዱ አካፋው ሰርጎ ገባ። ከመሠረቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን ሙሌት ውሃ አጥቦ ወስዶት፣ ግንበኛው እጁን እስከ ትከሻው አስገባበት። ቀና ብሎ ኦቦን ተመለከተ፤ «እንዴት አወቁ?» አላቸው በዝግታ።

«ድምፁ ነገረኝ» አሉ።

ለሦስት ቀን ብለን የመጣነው ዓሥራ አንድ ቀን ቆየን። ወላጆች ተሰብስበው የባሕር ዛፍ አጠና አመጡ፤ ሦስቱንም ቅስት ከሥር ደገፍናቸው። ኦቦ መሠረቱን በአንዴ ማንም እንዳይነካው አዘዙ። አንድ ክንድ ይከፈታል፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ይሞላል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀጥሎ ያለው የሚከፈተው። ታላቁ ግንበኛ በሁለተኛው ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ሁለት ክንድ በአንዴ ሊከፍት ሲል በመዶሻው ድምፅ ብቻ አውቀው ከተቀመጡበት «አቁም!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት እየመጣ ይጠይቃቸው ጀመር። ድንጋዩን አምጥቶ እጃቸው ላይ ያሳርፍላቸዋል፤ እሳቸው አገላብጠው ዳስሰው «ይሄ ጎኑ ወደ ታች» ወይም «ይሄን ተወው፣ ደረቱ ደካማ ነው» ይሉታል።

የእኔ ሥራ ስንጥቁን መጠበቅ ነበር። ቀጭን ወረቀት በሙጫ ከወዲህ ወዲያ አድርጌ በስንጥቁ ላይ አራት ቦታ ለጠፍኩ፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል። ጠዋትና ማታ መሰላል ወጥቼ አያለሁ። በአራተኛው ቀን አንዱ ተቀደደ። ለኦቦ መናገር ፈርቼ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ሄጄ ነገርኳቸው።

«የቱ ነው?»

«የላይኛው።»

«ከሥር ያሉት ሦስቱስ?»

«ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው እየተቀመጠ ነው። አዲስ ለጥፊበትና ነገ እይው።»

በማግሥቱ አልተቀደደም፤ በሦስተኛውም ቀን አልተቀደደም።

ታናሹ ግንበኛ ቆርቆሮ ሠራተኛም ስለነበር አዲስ አሸንዳ አጠፈ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ሱሪውን አጥፎ ቦዩን ሲቆፍር ዋለ። ስንጥቁን በስስ ሲሚንቶ ከሥር ወደ ላይ ሞላነው። የኦቦ ልጅ እስከዚያ ድረስ አባቷን ተቀመጥ፣ ጠጣ፣ ጠብታህን አድርግ ስትል ነበር የቆየችው። ሥራው እያለቀ ሲመጣ ግን ራቅ ብላ ታያቸው ጀመር። አንድ ከሰዓት አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ቤት ውስጥ ጫማውን እንኳ እኔ ነኝ የማቀብለው» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ሰው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰው አባቱን ሥራ ላይ አያየውም እኮ።»

ድጋፉ የሚነሳበት ጠዋት የከተማው ሰው ተሰበሰበ። ተማሪዎቹን ርዕሰ መምህሩ ሜዳው ማዶ አቆማቸው። አጠናዎቹ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ሽብልቃቸው እየላላ፣ ይነሱ ጀመር። ከቀኙ ቅስት ተነሱ፤ ከመሐለኛው ተነሱ። ግራው ላይ ሦስት አጠና ሲቀር ኦቦ ዱላቸውን ይዘው ከሥሩ ገብተው ቆሙ።

«ኦቦ፣ እባክዎን ይውጡ» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«እኔ ካልቆምኩበት ልጆቹን እንዴት ታቆማቸዋለህ?»

ልጃቸው ልትጎትታቸው ስትሮጥ ታላቁ ግንበኛ ቀድሟት ገባና አጠገባቸው ቆመ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። መሰላሉ ላይ ሆኜ ዓይኔን ከወረቀቶቹ ሳልነቅል «ቀጥሉ» አልኩ። አንደኛው ተነሳ። ሁለተኛው። የመጨረሻው ሽብልቅ ሲመታ ከላይ ትንሽ አቧራ በኦቦ ባርኔጣ ላይ ረገፈ። አራቱም ወረቀት እንዳለ ነበር።

«አልተቀደደም!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ እልል አለ። ተማሪዎቹ ርዕሰ መምህሩን ጥሰው ሜዳውን አቋርጠው መጡ፤ ለወራት የተዘጋባቸውን በረንዳ በሩጫ ሞሉት። ኦቦ መካከላቸው ተከበው፣ እጃቸውን በቁልፉ ድንጋይ አቅጣጫ ወደ ላይ ዘርግተው፣ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ይናገሩ ነበር። ልጃቸውን ምን እንዳሉ ጠየቅኋት።

«ከአባቱ ጋር ነው የሚያወራው» አለችኝ። «ዛሬ የካምቦው ልጆች በጣሊያኖቹ በረንዳ ላይ ወደ ነፋሱ ዞሩ ይለዋል።»

የአዳራሹ መፍረስ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ሥዕሉን ጠየቀኝ፤ ኮፒ አስነስቼ ሰጠሁት። መምህራኑ ስለ ከተማቸው ሲያስተምሩ እያንዳንዱን ቤት ማን እንዳዘዘውና ማን እንደሠራው ለይተው እንዲናገሩ ኦቦ አደራ አሉ። በበሮቹ አቅጣጫ ላይም ትምህርት እንዲሰጥ ጠየቁ። «ደግ ነገር ብቻ አትንገሯቸው» አሉ፤ «ቤቱ ያምራል፤ ያስጨነቀው ሰውም ብዙ ነው። ሁለቱንም ይወቁ።»

ወደ ቡራዩ ከተመለስን ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የኦቦ ዓይን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ውጪ ሌላ ማየት አቆመ። ልጃቸው ሰበታ ወሰደቻቸው። እኔም ቢሮዬ ወደ ሰሜን መውጫ ስለተዛወረ ሱሉልታ ቤት ያዝኩ። በየወሩ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። የሰበታ ጎረቤቶቻቸው አጥር ሊሠሩ ሲነሱ መጥተው እጃቸውን ይዘው ይወስዷቸዋል፤ ድንጋይ ያስመርጧቸዋል።

በቅርቡ ሱሉልታ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቤተሰብ የገዙት ግቢ ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ቤት አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ ቢሮአችን መጡ። ቦታውን እንድለካ ተላክሁ። ግድግዳውን ሳየው ሜትሬን ሳልዘረጋ ወደ ባለቤትየዋ ዞርኩ። ሂጃቧን ያስተካከለች፣ ቁልፎቿን በእጇ የያዘች፣ ችኩል ሴት ናት።

«ከመፍረሱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ይህን ቤት የሠራው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ እዚህ ሰፈር አለ?»

«ኧረ እንጃ» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ሳያውቁ አይቀሩም።»

«አብረን እንሂድ?»

ሰዓቷን አየች፤ ቁልፎቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ነይ» አለችኝና ቀድማኝ ወጣች።